ውክልናው ያለፈበት ወኪል፦ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ የት ገባ?



ዛሬ የምናነሳው ብዙ የሕግ ምሁር የሚዘለውን ጉዳይ ነው። የደባርቅና የዳባት ወረዳ ምክር ቤቶች፣ ከስራቸው ያሉት የቀበሌ ምክር ቤቶችም፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጡት ሚያዝያ 2005 ነው። ዘመናቸው 5 ዓመት ነበር፤ በ2010 አበቃ። ምርጫው በ2010 ተራዘመ፣ በ2011 እንደገና ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ጠቅላላ ምርጫ ሲደረግ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ ምክር ቤታቸውን አብረው መረጡ። የእኛ ወረዳና ቀበሌ ግን ተረሳ። ያኔ የተወለዱ ልጆች ዛሬ ቁርኣን እያኸተሙ ነው።

የፊቅህ ኪታብ ላይ የወካላን ምዕራፍ የቀራ ደረሳ ሁሉ ይህን ያውቃል፦ ወኪል ባለቤት አይደለም። ውክልናው በጊዜ ከተገደበ፣ ቀኑ ሲያልፍ ወኪልነቱም ያከትማል። ከዚያ በኋላ የሰው ንብረት ቢሸጥ «ፉዱሊ» ይባላል። ሽያጩ በሐነፊዮች ዘንድ ባለቤቱ እስኪያጸድቀው ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ በሻፊዒዮች ዘንድ በታወቀው አቋም ውድቅ ነው። «ሕዝቡ ዝም ብሏል እኮ» ለሚሉን መልሱም እዚያው አለ፤ ዝም ላለ ሰው ያልተናገረው ቃል አይለጠፍበትም።

ሕገ መንግሥቱም ከዚህ አይርቅም። አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። ታዲያ ምርጫ የሌለበት እርከን ላይ ማንን እናነሳለን? በምንስ እንሳተፋለን?

ግንቦት 2012ን አስታውሱ። በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲቆም የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሕግ ምሁራንን ጠርቶ፣ በቴሌቪዥን እየታየ፣ ስለ ፓርላማው የሥልጣን ዘመን አከራከረ። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሰኔ 3 ወሰነ። ውሳኔውን ውደዱትም ጥሉትም፣ ቢያንስ ክርክር ተደርጓል። የወረዳው ዘመን ግን ያኔም ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ስለ እሱ ጉባኤ የጠራ የለም፣ መጽሐፍ የገለጠ ምሁርም አልሰማንም።

«ይህ የወረቀት ጉዳይ ነው» አትበሉን። ትግራይ ያንን ውሳኔ አልቀበልም ብሎ ጳጉሜ 2012 የራሱን ምርጫ አደረገ። ከሁለት ወር በኋላ ጦርነት ተከፈተ። የጦርነቱ መነሻ ብዙ ነው፤ «ማን ሕጋዊ ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን አንዱ ነበር። ነሐሴ 2013 ማለቂያ ላይ እሳቱ ዳባት ደረሰ፣ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰው አለቀ። የሥልጣን ዘመን ክርክር በሕግ ካልተቋጨ የት እንደሚደርስ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁለት መከራከሪያ እንሰማለን። አንደኛው «ጸጥታው አይፈቅድም» ነው። ዛሬ ችግር እንዳለ እናውቃለን፣ እየኖርንበት ነው። ግን ችግር ካለ ገደብ ይቀመጣል እንጂ ዘመኑ ያለፈበት እንደ አዲስ ተመራጭ አይሆንም። አንቀጽ 60 ፓርላማ ሲበተን የሚቆየው መንግሥት የዕለት ሥራ ከመሥራትና ምርጫ ከማዘጋጀት በቀር አዲስ አዋጅ እንዳያወጣ ይከለክላል። ለፌዴራል መንግሥት የተሰጠው ልጓም ለወረዳ ለምን ይበዛበታል?

ሁለተኛው «ድሮም ያሸነፈው አንድ ድርጅት ነው፣ ምን ይለወጣል?» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ በ2005 ከ3 ሚሊዮን በላይ ከሆነው መቀመጫ ተቃዋሚ ያገኘው ከእፍኝ አይሞላም። ግን ያ ያሸነፈው ድርጅት ራሱ የለም! ብአዴን በ2011 አዴፓ ሆነ፣ በ2012 ብልጽግና ውስጥ ገባ። ሕዝቡ ምልክት ያደረገበት ስም ከወረቀቱ ጠፍቷል፣ ወንበሩ ግን አለ። የማዳበሪያው፣ የመሬት ደብተሩ፣ የመስጂዱና የቀብር ቦታው ጉዳይ የሚያልፈው በዚያ ወንበር ስር ነው።

እኛ ሙስሊሞች ይህን ጥያቄ እናውቀዋለን። በ2004 «መሪዎቻችንን ራሳችን በመስጂዳችን እንምረጥ» ስንል የመጅሊሱ ምርጫ መስከረም 2005 በቀበሌ አዳራሽ ተደረገ። ለመጅሊስ የጠየቅነውን መብት ለቀበሌ ስንደርስ ከዋጥነው ጥያቄያችን የመርህ አልነበረም ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንላለን። አንድ፣ የአካባቢ ምርጫ መቼ እንደሚደረግ ቀኑ ይነገር። ሁለት፣ እስከዚያ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምን መሥራት እንደማይችሉ በሕግ ይጻፍ፤ በተለይ መሬትን በሚመለከት። ሦስት፣ የሕግ ምሁሮቻችን ለፓርላማ የገለጡትን መጽሐፍ ለቀበሌም ይግለጡት።

አማና ጊዜው ሲደርስ ለባለቤቱ ይመለሳል። ባለቤቱ ደግሞ አለ፣ አልሞተም።

ወላሁ አዕለም።