የሞርሞኖች ቀብርና የአንዲት እናት ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ደወሉልኝ። ልጃቸው አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ትኖራለች። ባሏ የሞርሞን እምነት ተከታይ ነው። በቅርቡ የባሏ እናት ዐርፈው ቀብራቸው ላይ ተገኝታ ነበርና ያየችውን በስልክ ነገረቻቸው።

«ሲስተር፣ ሴትየዋ የተቀበሩት ቤተ ክርስቲያን አይደለም አሉ፤ የማዘጋጃ ቤት መቃብር ነው። ቄስ የለ፣ ፍትሐት የለ። ጉድጓዱ ላይ የጸለየው የልጄ ባል ራሱ ነው። ይሄ ቀብር ነው ወይ? ልጄስ ነገ ከነገ ወዲያ የት ልትወድቅ ነው?» አሉኝ።

ልጆቻችን በየአገሩ ተበትነው፣ ከየሃይማኖቱ ተጋብተው በሚኖሩበት በዚህ ዘመን ጥያቄው የሳቸው ብቻ አይደለም። ስለዚህ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

እነዚህ ምዕመናን ቤተ ክርስቲያናቸውን «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» ይሏታል። ለእኛም ጨርሶ ባዕድ አይደሉም። በ1977ቱ ረኀብ ጊዜ፣ ጥር 19 ቀን፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉት ጾመው የምግባቸውን ዋጋ በአገራችንና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለተራቡ ሰዎች ሰጥተዋል። የተሰበሰበውም ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ወደ መቃብሩ ስንመጣ፣ በጸሎት ቤቶቻቸው ግቢ ውስጥ ሙታን የመቅበር ልማድ የላቸውም። ትልቁና ስመ ጥሩው መቃብራቸው የሶልት ሌክ ሲቲ መቃብር ነው፤ ባለቤቱ ግን ከተማው ነው። የመጀመሪያዋ የተቀበረችበት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1847 ሕፃን ልጅ ነበረች፤ ሰፋሪዎቹ ሸለቆው ከገቡ ገና ሁለት ወራቸው ነበር። ዛሬ ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች ያረፉበት ሲሆን፣ አብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንቶችም እዚያው ከተራው ሕዝብ ጎን ተኝተዋል። የካቶሊኮችና የአይሁድ መቃብሮችም እዚያው አካባቢ አሉ።

ታዲያ ቅድስናው ከየት ይመጣል? እነሱ የሚባርኩት እያንዳንዱን ጉድጓድ ለብቻው ነው። ሣጥኑ ወደ መቃብሩ ከደረሰ በኋላ ክህነት ያለው አንድ ሰው ቆሞ ቦታውን ለሟቹ ማረፊያነት ይለያል፤ እስከ ትንሣኤ ቀን እንዲጠበቅ ይለምናል፤ ለሐዘንተኞቹ መጽናናትን ይጠይቃል። ደመወዝ የሚከፈለው የአጥቢያ ካህን ስለሌላቸው ክህነቱ የሚሰጠው ለተራው ወንድ ምዕመን ነው። የቀብሩን ሥነ ሥርዓት የሚመራው «ቢሾፕ» እንኳ በሥራ ቀን አስተማሪ ወይም ነጋዴ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ «ቄስ የለም» የተባለው ልጅየው እናቱን የቀበረው በእምነቱ ካህን ሆኖ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ።

መንገድ ላይ መቅበርንም ጠንቅቀው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ከ1846 እስከ 1847 በተሰደዱበት ክረምት፣ የዛሬዋ ኦማሃ አጠገብ፣ ዊንተር ኳርተርስ በተባለ ሰፈር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀውባቸዋል። ከገዳዮቹ አንዱ ስከርቪ ነበር፤ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ በማጣት የሚመጣ፣ ድድ የሚያደማና ጉልበት የሚሰብር በሽታ። ዛሬ በዚያ መቃብር ላይ አቫርድ ፌርባንክስ የተባለ ቀራፂ የሠራው ሐውልት ቆሟል፤ አባትና እናት የሕፃን ልጃቸውን መቃብር ቁልቁል ሲያዩ ያሳያል።

ነርስ ነኝና ከሁሉ በላይ የሚስበኝ ግን አስከሬኑን ማን ይነካዋል የሚለው ነው። በቤተ መቅደሳቸው ሥርዓት የፈጸመ ሰው ሲሞት እዚያ ይለብሰው የነበረውን ነጭ ልብስ ለብሶ ይቀበራል። ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ያለብሳል፤ ባልና ሚስትም እርስ በርስ ይችላሉ። አልባሹ ራሱ ያንን ሥርዓት የፈጸመ መሆን ስላለበት የእኚህ እናት ልጅ ለዚህ ካልተጠራች ንቀት አይደለም። ቤተሰቡ ካልቻለ «ሪሊፍ ሶሳይቲ» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1842 የተመሠረተው የሴቶች ማኅበር ሰው ይፈልጋል። የቀድሞዎቹ የማኅበሩ ሴቶች አስከሬን ያጥቡ፣ መግነዣ ይሰፉ፣ በሙቀት እንዳይበላሽ በረዶ ይደረድሩ ነበር። የእኛ ገናዦች ሥራ ማለት ነው።

ሆስፒታል በሠራሁባቸው ዓመታት የእናታቸውን ፀጉር አበጥረው የሸኙ ልጆችን አይቻለሁ። በር ላይ ቆመው ከቀሩት ይልቅ እነሱ ረጋ ብለው ሲወጡ አስተውያለሁ። እጅ የሠራው ነገር ልብን ያሳርፋል።

ከቀብር በኋላ ሴቶቹ ለቤተሰቡ ምግብ ያቀርባሉ። በተለይ በዩታ «የቀብር ድንች» እስከ መባል የደረሰ ምግብ አላቸው፤ ድንች በአይብና በክሬም ተሠርቶ፣ ላዩ ላይ ኮርንፍሌክስ ተነስንሶ ምድጃ ውስጥ የሚበስል። እድርተኛ ንፍሮ ይዞ እንደሚመጣው ነው።

ለቅሷቸው ግን ጸጥ ያለ ነው። ሁለተኛው ፕሬዚዳንታቸው ብሪገም ያንግ እ.ኤ.አ. በ1877 ከመሞቱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ የቀብሩን ነገር በጽሑፍ አስቀምጦ ነበር። ሣጥኑ ከቀይ እንጨት ሳንቃ ይሠራ፤ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ዘወር ማለት ቢያምረኝ እንዲበቃኝ ሰፋ ይበል አለ። ሴቶቹ ጥቁር ልብስ አይግዙ፣ ያላት ግን ትልበስ አለ። እንዳይለቀስለትም ጠየቀ። እኔ እንኳን እንባ ይከልከል አልልም፤ ሐዘንን አምቆ መያዝ ለጤናም አይበጅም። ለጥቁር ልብስ አትበደሩ ማለቱን ግን ብዙ ቤት ቢሰማው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ እናትየዋ ጥያቄ። እሜቴ፣ ልጅዎ ባለችበት ከተማ መቃብሩ የማዘጋጃ ቤት መሆኑ ያስደነግጦት ነበር፤ ለእርስዎ ግን መልካም ዜና ነው። በእንዲህ ያለ መቃብር ውስጥ ልጅዎ ሃይማኖቷን ሳትለውጥ ከባሏ ጎን ማረፍ ትችላለች፤ የራሷን ካህን ጠርቶ ጸሎት ማስደረግም ይቻላል። አገሬ ውሰዱኝ ካለችም ያው ምርጫዋ ነው፤ ወጪውና ጣጣው ግን ቀላል አይደለምና ባሏ አስቀድሞ ይወቀው። ጭንቁ የሚመጣው ፍላጎቷ ሳይታወቅ የቀረ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ባል በአንድ ወገን፣ እናት በሌላ ወገን አስከሬን ላይ ይከራከራሉ። ይህን በሆስፒታል በር ላይ ከአንድም ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።

ስለዚህ «አፌን በቁራኛ» ሳይሉ ይደውሉላትና ይጠይቋት። ባሏም አብሮ ይስማ፤ የተስማሙበትን በወረቀት ያስፍሩት። ያኔ ደግሞ የእርስዎንም ይንገሯት።

ቸር ሰንብቱ።