የፈሰሰ ድምፅ አይታፈስም

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ከደረሰላት ወዲህ የብዙ ቋንቋና የብዙ ዜማ መገናኛ ሆና መኖሯ የታወቀ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት አፍራን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ጓድ የተመሠረተው በዚችው ከተማ ነው፤ በድሬዳዋ ተወልዶ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፈው ዓሊ ቢራም ከዚሁ ጓድ የወጣ ድምፃዊ ነበር። የእርሱና የሌሎችም ዜማ ለብዙ ዘመን ከቤት ወደ ቤት የተላለፈው በካሴት ነው። ካሴት ግን ሙቀትና አቧራ የሚያበላሹት ዕቃ ስለ ሆነ፥ በቆላማዋ ድሬዳዋ ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ ወጣቶች ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር መገልበጣቸው የሚመሰገን ተግባር ነው፤ ነገር ግን አገለባበጡ ራሱ ዕውቀት ይጠይቃል።

ሙዚቃ በኮምፒዩተር የሚቀመጥባቸው መንገዶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው፥ ፍላክን የመሰለው፥ ድምፁን አጥፎ የሚያስቀምጥ ነው፤ ጋቢ ታጥፎ ሣጥን ቢገባ ሲዘረጋ አንድ ክር እንደማይጎድልበት ሁሉ፥ ይህም ሲከፈት አንዳች አይጎድልበትም። ሁለተኛው፥ ኤም ፒ 3ን የመሰለው፥ ጆሮ አያስተውለውም የተባለውን የድምፅ ክፍል ቆርጦ በመጣል ቦታ የሚቆጥብ ነው። በሲዲ ልክ የተቀዳ ሙዚቃ በየሴኮንዱ 1,411 ኪሎቢት ሲይዝ፥ በ128 ኪሎቢት የተሠራ ኤም ፒ 3 ከ11 እጅ አንዱን ያህል ብቻ ይይዛል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ኤም ፒ 3ን ወደ ፍላክ ብንለውጠው ጥራቱ ይመለሳል በማለት ነው። አይመለስም። አሥር ገጽ የነበረውን መዝገብ በአንድ ገጽ ያሳጠረ ጸሐፊ፥ ያንኑ ገጽ ባማረ ወረቀት ቢገለብጠው የተጣለውን ቃል ሊያስገኝ አይችልም። ፋይሉ ይከብዳል እንጂ ድምፁ አይሻሻልም። ኤም ፒ 3ን እንደ ገና ወደ ሌላ ኤም ፒ 3 መለወጥ ደግሞ በተቆረጠው ላይ መቁረጥ ነው።

በስልክ ለሚያዳምጥ ሰው ጉድለቱ ላይሰማው ይችላል። ነገ ግን የካሴቱን ሹሹታ አጽድቶ ዜማውን ለማሳተም የሚነሣ ባለሙያ ያ የተጣለው ክፍል ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ደንቡ አጭር ነው። ካሴቱ መጀመሪያ ሲቀዳ በዌቭ ወይም በፍላክ ይቀዳ፤ ይህም እናት ቅጂ ሆኖ በሁለት ልዩ ልዩ ቦታ ይቀመጥ። ለስልክና ለወዳጅ የሚላከው ኤም ፒ 3 ከእናት ቅጂው ይውጣ እንጂ በእናት ቅጂው ፈንታ አይቀመጥ። ቦታ ያጥረናል ማለትም አያዋጣም፤ የ90 ደቂቃ ካሴት በሲዲ ልክ ምንም ሳይታጠፍ ቢቀመጥ እንኳ አንድ ጊጋባይት አይሞላም።

የተማሪ ቤት ክበብም ሆነ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ይህን ሥራ ሲጀምር ከመቸኮል ይጠበቅ። በባቡር የመጣ ዕቃ ቢጠፋ በገንዘብ ይተካ ነበር፤ ካሴቱ ከተበላሸ በኋላ ግን የአባቶችና የእናቶች ድምፅ የሚኖረው በመጀመሪያው ቅጂ ውስጥ በተረፈው መጠን ብቻ ነው።