የበጉ ላትና የሃውድ ሣር

በሐርጌሳ የከብት ገበያ በግ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ እጁን የሚያሳርፈው በላቱ ላይ ነው። ራሱ ጥቁር ገላው ነጭ የሆነው የሶማሌ በግ የዝናቡን ወራት ትርፍ በላቱ አከማችቶ በድርቁ ወራት ከዚያው እየቀነሰ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ላቱን የዳበሰ ሰው በጉ የዋለበትን መስክ እንደ ዳበሰ ይቈጠራል።

ይህ ስብ ከምን እንደሚሠራ ማወቅ ለአርቢውም ለሹሙም ይጠቅማል። የሚያመሰኩ እንስሳት የበሉት ሣር በትልቁ ጨጓራቸው ውስጥ በረቂቃን ተሕዋስያን እየተብላላ ወደ ልዩ ልዩ አሲዶች ይለወጣል፤ ከእነዚህም የሚበዛው በአቼቶ ውስጥ የምናውቀው አሲድ ነው። የስብ ሕዋሳት ይህን አሲድ ከደም እየወሰዱ ስብ ይሠሩበታል። እንደዚሁም በለምለም ሣር ውስጥ ያለው ካሮቲን በእንስሳው ገላ ወደ ቪታሚን ኤ ሲለወጥ፣ የስብ ሕዋሳትን አፈጣጠር ከሚቈጣጠሩት ነገሮች አንዱ ይሆናል። (ካሮቲን የላምን ስብ ብጫ ያደርጋል፤ የበግ ስብ ግን ነጭ እንደ ሆነ ይቀራል።) የስብ ሕዋስ አንድ ጊዜ ከተፈጠረ በኋላ እንስሳው ቢራብ ይጨማደዳል እንጂ በቀላሉ አይጠፋም፤ መኖ ሲገኝ ተመልሶ ይሞላል። ብዙዎቹ የሚፈጠሩት ግን በማኅፀንና በግልገልነት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሶማሌዎች ጉ በሚሉት የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ ሣር ያጣች እናት፣ ጕዳቷ እስከ ግልገሏ ይደርሳል።

በሃውድ ዳሬሞ የሚባለው ሣር እጅግ የተወደደ መኖ ነው። ከ1950ዎቹ ወዲህ ግን በርካድ የተባሉት፣ በሲሚንቶ የተለበጡት የውሃ ማጠራቀሚያዎች ስለ በዙ፣ ዝናቡ ሲያልፍ ይለቀቅ የነበረው መስክ ዓመቱን ሙሉ ይጋጣል። ውሃውን አልነቅፍም። ሣሩ ዘር ሳይጥል መበላቱን ነው የምነቅፈው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2000 እስከ 2009 ሳዑዲ ዐረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት የዚህን አገር ከብት በከለከለች ጊዜ ስለ ክትባትና ስለ ምርመራ ብዙ ተነገረ፤ በበርበራም ማቆያ ተሠራ። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን የምርመራ ወረቀት ላት አያወፍርም። አዲስ በርካድ የሚፈቅድ ሹም በዙሪያው ያለው ሣር የሚያርፍበትን ወራት አስቀድሞ ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋራ ሊወስን ይገባዋል።

አንዳንዶች መስኩን ለግል አጥሮ ድርቆሽ መሸጥ ይሻላል ይላሉ። አጥር ውስጥ ያለው ሣር እርግጥ ያርፋል፤ ውጭ የቀረው ግን አብልጦ ይጋጣል። ድርቆሹም ቢሆን በፀሐይ ሲደርቅ አብዛኛውን ካሮቲን ያጣል፤ የሚገዛውም ገንዘብ ያለው ብቻ ነው። ለሙከራ ከሚመጣው ዝናብ በፊት አንድ መስክ እንኳ በስምምነት ቢዘጋ፣ ውጤቱን የሐርጌሳ ነጋዴዎች በእጃቸው ዳብሰው ይነግሩናል።