እጅ መሪ ላይ፣ ልብ ስልክ ላይ

ስለ መኪና አዳዲስ መሣሪያዎች ከሾፌሮች ጋር ጨዋታ ሲነሳ ደጋግሞ የሚሰማ ምስጋና አለ፤ «ብሉቱዝ ገላገለን፣ ስልክ በእጅ መያዝ ቀረ» የሚል። ተሳፋሪውም በዚሁ ይስማማል። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በአንድ እጁ የሚነዳውን «ኧረ ተው!» የሚል ሰው፣ ያው ሾፌር በኢርፎን ግማሽ ሰዓት ቢያወራ ምንም አይለውም። እኛ ግን በዚህ አስተያየት አንስማማም። ጉዳዩ የእጅ ሳይሆን የአእምሮ ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እያሽከረከረ በስልክ የሚጠቀም ሰው ለአደጋ የመጋለጥ ዕድሉ ከማይጠቀመው በአራት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስልኩን በእጅ አለመያዝም ብዙ ለውጥ አያመጣም። አእምሯችን ትኩረት የሚሹ ሁለት ሥራዎችን እኩል አያከናውንም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል እንጂ። በወሬ የተያዘ ሾፌር ዓይኑ መንገዱ ላይ እያለ የሚሻገረውን እረኛ ላያየው ይችላል። «ከጎን ከተቀመጠ ሰው ጋር ማውራትስ?» ትሉ ይሆናል። ጎን የተቀመጠው መንገዱን አብሮ ያያል፤ ኩርባው ሲመጣ ወሬውን ያቋርጣል፣ አንዳንዴም ከሾፌሩ ቀድሞ ይጮኻል። ጎንደር ሆኖ የደወለው ግን የጀመረውን የሒሳብ ጥያቄ ይቀጥላል።

ሊማሊሞን እናስብ። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው ይህ ጠመዝማዛ መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ሲሆን ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል። መልእክት ለማንበብ ሦስት ሰከንድ አቀርቅሮ ቀና ያለ ሾፌር 25 ሜትር በጭፍን ነድቷል ማለት ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላስ? በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረጉት ጥናት በድምፅ የሚታዘዙ የመኪናና የስልክ መሣሪያዎችን ፈትሸው፣ የሾፌሩ ትኩረት ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ እስከ 27 ሰከንድ ሊወስድ እንደሚችል አሳይተዋል። በዚያው ፍጥነት ሲሰላ 225 ሜትር ይሆናል። በዚህ ርቀት ውስጥ ስንት ኩርባ እንዳለ መንገዱን የሚያውቅ ይቁጠር። ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን በተራራው ላይ የሚጓዝ ሾፌርም ጉሙና ብርዱ ብቻቸውን ሙሉ ትኩረቱን ይፈልጉበታል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። ጭስ አለማውጣታቸው ለሳንባችን ደግ ነው። ሆኖም በብዙዎቹ ውስጥ የተገጠመው ትልቅ ስክሪን ሌላ ጣጣ ነው። የድሮውን ቁልፍ ሾፌሩ በዳበሳ ያገኘዋል፤ ስክሪኑን ግን ማየት አለበት። ለዚህም ይመስላል የመኪና ደኅንነት የሚመዝነው የአውሮፓ ተቋም፣ ፍሬቻን፣ ክላክስንና የዝናብ መጥረጊያን ለመሳሰሉት በእጅ የሚነካ ቁልፍ ለሌለው መኪና ከ2026 ጀምሮ ከፍተኛውን ነጥብ እንደማይሰጥ ያስታወቀው።

ለሾፌር መኪናው የሥራ ቦታው ነው። የመኪናው ባለቤት «የት ደረስክ?» እያለ በየሰዓቱ ሲደውልበት፣ ባያነሳ እንጀራው ያሳስበዋል። ስለዚህ ሾፌሩን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለንም። ባለቤቶች መልስ የሚጠብቁበትን ሰዓት በማረፊያ ከተሞች ቢወስኑ፣ ለምሳሌ ዳባት ወይም ደባርቅ ሲደርስ ራሱ እንዲደውል ቢስማሙ ነገሩ ይቀላል። ስልኩ ረዳቱ ዘንድ ይቀመጥ። ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስ የተጠራቀመው መልእክት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲንጫጫ፣ የሚያየው ረዳቱ ይሁን። ረዳት ከሌለ ድምፁን አጥፍቶ ከእጅ ርቆ ማስቀመጥ ነው።

ቤተሰብም አለበት። ሰው መንገድ ሲወጣ ልባችን አይቀመጥም፤ «ሊማሊሞን አለፍክ?» ብለን የምንደውለው ብዙ ጊዜ ገና ኩርባው መሐል ሳለ ነው።