ባሕርን ወደ ተራራ ስለ ማውጣት

በማለዳ ወደ መስቀል አደባባይ የወረደ ሰው በሰፊዎቹ ደረጃዎች ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሮጡትን ወጣቶች ሳያይ አያልፍም። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ሲባል ሰልፈኛ ይቆምባቸው የነበሩት፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ እንደ አዲስ የታነጹት እነዚህ ደረጃዎች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሯጩ ይህን ስስ አየር ፈልጎት ይመጣል፤ ደሙን ያጎለብትለታልና። የባሕር ዓሣ ግን ፈልጎት አይመጣም፤ የምናመጣው እኛ ነን።

ላወጋችሁ ያሰብሁት ከዚህ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ፣ ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ፎቅ ላይ፣ ወዳጄ ሳሎኑ ውስጥ ስላስቀመጠው የመስታወት ሣጥን ነው። ሣጥኑ ‹ሁሉን በአንድ የያዘ› የሚባለው ዓይነት አኳሪየም ሲሆን ሰማንያ ሊትር ይይዛል። ከፊቱ ባሕር ነው፤ ከጀርባው በጥቁር ግድግዳ የተሸሸገ ጓዳ አለው። ውኃው በግድግዳው አናት ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በተሰነጠቁ ክፍተቶች ወደ ጓዳው ይፈስሳል፤ በስፖንጅ ይጣራል፤ ባክቴሪያ በሰፈሩባቸው የሸክላ ቁርጥራጮች መካከል ያልፋል፤ በመጨረሻም አንዲት ትንሽ ፓምፕ ወደ ፊት ትመልሰዋለች። መብራቱም አብሮ ይመጣል። ገዥው የባሕር ጨው በጥብጦ ይሞላና ሶኬቱን ይሰካል። ድንጋይ ለሚመስለው ነገር ግን ሕያው እንስሳ ለሆነው ኮራል ቤት ተሠራለት ማለት ነው።

ወዳጄ ይህን ሣጥን የሚያየው እንደ ታተመ መጽሐፍ ነው። «የሠራው ፋብሪካ ከእኔም ከአንተም የበለጠ ያውቃል፤ በተጠናቀቀ ሥራ ውስጥ እጅ ማስገባት ድፍረት ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ድፍረቱ እጅ አለማስገባቱ ነው እላለሁ። የሣጥኑ ንድፍ የታሰበው ለቆላማ ጠረፍና መብራት እምብዛም ለማይጠፋበት ቤት ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ ውድ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ቤት ግን ገና አልተተረጎመም። ትርጉሙን የሚሠራውም ባለቤቱ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው የባሕር ውኃ በጠረፍ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ጨው ባይኖርበት ኖሮ ከ8 በላይ በያዘ ነበር። ይህንኑ ውኃ ወደ እኛ ከፍታ ስታወጡት የሚቀረው 5 ገደማ ነው። ፓምፑ እየሠራ የውኃው ገጽ እስከ ተናወጠ ድረስ ይህ ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ግን ከጠረፉ ሰው ባነሰ ስንቅ ነው ጨለማውን የምንገባው። በዚያ ላይ በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ቀን ቀን ኦክስጅን ይሰጣሉ እንጂ ሌሊት እነሱም ተንፋሾች ናቸው። በጓዳው ያሉት ባክቴሪያዎችም ውኃው ሲቆምባቸው በዙሪያቸው ያለውን ኦክስጅን ጨርሰው መሞት ይጀምራሉ፤ ፓምፑ ሲነሣ የመጀመሪያ ሥራው ያንን የተበከለ ውኃ ወደ ፊት መርጨት ይሆናል።

ባለፈው ክረምት በአንድ ሌሊት በወዳጄ ቤት የሆነው ይኸው ነው። ሲነጋ ሁለቱ ብርቱካናማ ዓሦች በውኃው ገጽ ላይ ተንሳፈው ተገኙ። ኮራሎቹ ተኮማትረው ቆዩና በሦስተኛው ቀን ሥጋቸው ከአጽማቸው እየተላጠ ወደቀ። «ዕጣ ፈንታ ነው» አለ። እኔ ዕጣ ፈንታ አይመስለኝም። የሂሳብ ጉዳይ ነው፤ ሂሳቡም ከመግዛቱ በፊት የሚታወቅ ነበር።

ስለዚህ ሙያ የሚጻፈውን ምክር ብታነቡ፣ ማሻሻያ ሲባል ደጋግሞ የሚነሣው መብራት ነው፤ ብሩህ፣ ሰማያዊ፣ ኮራሉን እንደ ጌጥ የሚያበራ መብራት። ለእኛ ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። የመጀመሪያው ማሻሻያ ባትሪ ነው። በዩፒኤስ ውስጥ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል አለው። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል እንኳ 3 ዋት የምትፈጅ የአየር ፓምፕ ለ14 ሰዓት ያሠራል። ከእርሱ ጋር አንድ ሪሌይ ያስፈልጋል። የሪሌዩ ጥቅል ሽቦ ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር ይያያዛል፤ መብራት እስካለ ድረስ በማግኔት ኃይሉ መገናኛውን ስቦ ከባትሪው መስመር አርቆ ይይዘዋል። መብራት ሲጠፋ ይለቀዋል፤ መገናኛው በሞላው ተገፍቶ ይመለስና ባትሪውን ከአየር ፓምፑ ጋር ያገናኛል። ማንም ከእንቅልፉ መነሣት የለበትም። (መብራት ሲጠፋ ሥራ የሚጀምር ዕቃ ለከተማችን ታስቦ የተሠራ ይመስላል።) የ220 ቮልቱን ወገን ግን ኤሌክትሪሻን ይሥራው፤ ጨው ውኃና ኤሌክትሪክ ቀልድ አያውቁም።

ሁለተኛው የትነት ነገር ነው። በበጋ ወራት የከተማችን አየር ደረቅ ነው። ውኃው ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። ከሰማንያው ሊትር አራት ተኩሉ ቢተን፣ በኪሎ 35 ግራም የነበረው ጨው ወደ 37 ይወጣል። የእነዚህ ሣጥኖች ክፋት ደግሞ የውኃው መጉደል የሚታየው በስተኋላ በፓምፑ ጓዳ ብቻ መሆኑ ነው፤ ፊት ለፊት ለሚያየው ባሕሩ ምንጊዜም ሙሉ ነው።

ይህ ጉድለት ሳይተካ ቢቀር መጨረሻው ምን እንደሚመስል ማየት የሚሻ ወደ አፋር ይውረድ። አገራችን የራሷ የኮራል አለት አላት ብላችሁ ትገረሙ ይሆናል። ከ120,000 ዓመታት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ወደ ደናክል ዝቅተኛ ቦታ ገብቶ በነበረበት ዘመን ያደጉ ኮራሎች በዳርቻው ላይ ደርቀው፣ ድንጋይ ሆነው ዛሬም ቆመዋል። ያ የውኃ ክንድ ከእናት ባሕሩ ተቆረጠ፤ ፀሐይም ጠጣችው፤ ወለሉ ላይ የቀረው ጨው ነው። አባቶቻችን አሞሌ አድርገው የተገበያዩበት፣ በግመል ጀርባ ወደ ደጋው ያወጡት ጨው የመጣው ከዚያ ምድር ነው። ደናክል በእኔ ዓይን የጎደለውን ውኃ የሚተካለት ያጣ አኳሪየም ነው።

ከዚህ ግዙፍ ታሪክ ፊት መፍትሔው የሚያሳፍር ያህል ቀላል ነው፤ ቢጫ ጀሪካን። ከሣጥኑ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ጨው የሌለበት የተጣራ ውኃ የያዘ ጀሪካን ይቀመጣል፤ ከእርሱም ቀጭን ቱቦ ወደ ፓምፑ ጓዳ ይወርዳል፤ በጫፉ ላይ በሽንት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንዳለው ዓይነት፣ ነገር ግን ያነሰች ተንሳፋፊ መዝጊያ ትገጠማለች። ውኃው ሲጎድል ተንሳፋፊዋ ትወርድና ቱቦው ይከፈታል፤ ሲሞላ ይዘጋል። መብራት ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ጀሪካኑ ባለ አምስት ሊትሩ ይሁን እንጂ ባለ ሃያው አይሁን፤ መዝጊያዋ አንድ ቀን ብትነክስ ሃያ ሊትር ጨው አልባ ውኃ በአንዴ ባሕሩን ወደ ወንዝ ይለውጠዋል።

ዕቃውን ፍለጋ መርካቶ የሚወርድ ሰው ከናስ ይጠንቀቅ። የሚያብረቀርቁት የቧንቧ መገጣጠሚያዎች መዳብ አለባቸው፤ መዳብ ደግሞ ለሽሪምፕና ለኮራል መርዝ ነው። ሲሊኮኑም ሻጋታ መከላከያ ያልተቀላቀለበት መሆን ይኖርበታል። የአፍዴራ ጨውም ወጥ ያጣፍጣል እንጂ ባሕር አይሆንም፤ ኮራል አጽሙን የሚገነባበትን ካልሲየም፣ ከእርሱም ጋር ማግኒዥየሙን በሚገባው መጠን አይሰጥም።

አንዳንድ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆቼ ሣጥኑን ሲያዩ ወዲያው ስለ ወደብ ማውራት ይጀምራሉ። ኤርትራ ነጻ ከወጣችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ያጣ አገር ሰው ሳሎኑ ውስጥ ባሕር ሲያስቀምጥ ምሳሌነቱ ጎልቶ ይታያቸዋል። እኔ ይህን አልወድም። ኮራል የማንም ናፍቆት ምሳሌ አይደለም፤ የሚተነፍስ ፍጡር ነው፤ ስለ አሰብ ስናወራ ኦክስጅኑ አይጨምርለትም።

መቼም ውበትን መውደድ ብቻውን እንስሳን እንደማያድን ከእኛ በፊት የታየ ነው። ‹አኳሪየም› የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ በዛሬው ትርጉሙ ያስፋፋው እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፊሊፕ ጎስ ነበር። የእርሱን መጻሕፍት ያነበበው ሕዝብ የባሕር እንስሳ ሊሰበስብ ወደ ጠረፉ ጎረፈ። ልጁ ኤድመንድ ጎስ በ1907 ‹አባትና ልጅ› በሚለው መጽሐፉ፣ አባቱ የወደዳቸው በዐለት መካከል ያሉ ኩሬዎች በሰብሳቢዎች ብዛት እንደ ተራቆቱ፣ ለጥፋቱም ሰበብ መሆኑን ሲረዳ አባቱ እጅግ እንዳዘነ ተርኳል። ዛሬ ደግሞ ባሕሩ ራሱ እየሞቀ ነው፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱ ይፋ ሆኗል። ከእንዲህ ያለ ባሕር ተነቅሎ የመጣ ኮራል በአንድ የመብራት መጥፋት ሌሊት ሲሞት «ዕጣ ፈንታ ነው» ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ባትሪውን የማይገጥም ሰው የጣና ዓሣ ጠብሶ ይብላ፤ ባሕሩን ይተወው።

ወዳጄ ግን ሊተወው አላሰበም፤ ሌላ መብራት መርጧል። እኔም ይህን ሐሳብ አቅርቤለታለሁ፦ ገና አንድም ነፍስ ሳይገባበት፣ ሪሌዩንና ጀሪካኑን ገጥሞ፣ ቅዳሜ ምሽት በሁለት ሰዓት ከቆጣሪው ያጥፋው። እሑድ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ። አረፋው ሳይቋረጥ ከደረስሁ ከራሴ ሣጥን አንድ ቁራጭ ኮራል እሰጠዋለሁ፤ እኔ ያሳደግሁት፣ ከየትኛውም አለት ያልተነቀለ። የሪሌዩን ዋጋም እኔ እከፍላለሁ።