በእርሻ አገር የተሠራ መርከብ

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ጸሐፊዎች አድሚራሎችን ሲያወድሱ ታንክ አውራጁን መርከብ የነደፈውን ጆን ኒደርማየርን እምብዛም አለማንሣታቸው ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። እንግሊዞች በ1940 እ.ኤ.አ. ከባድ መሣሪያቸውን በዳንከርክ ጥለው ከወጡ በኋላ የፈለጉት መርከብ በባሕርዩ እርስ በርሱ የሚቃረን ነበር፤ የውቅያኖስን ማዕበል ይቋቋም ዘንድ በውኃው ጠልቆ የሚሄድ፣ አሸዋው ላይ ይወጣ ዘንድ ደግሞ እንደ ታንኳ የሚቀል። ኒደርማየር በ1941 መገባደጃ በጥቂት ሰዓት ባወጣው ንድፍ ምሥጢሩን ፈታው፦ መርከቡ በጉዞው ጊዜ በሆዱ የባሕር ውኃ ተሞልቶ ይከብዳል፣ ከጠረፍ ሲደርስ ውኃውን ተፍቶ ይቀላል፣ አፉን ከፍቶ ታንኮቹን ያወርዳል፣ ከኋላው በጣለው መልሕቅም ራሱን ወደ ጥልቁ ይስባል።

የባሕር ዳር መርከብ ሠሪዎች በሌላ ሥራ ተጠምደው ስለ ነበር፣ 100 ሜትር የሚረዝመው ይህ መርከብ በብዛት የተሠራው ከውቅያኖስ እጅግ ርቀው በሚገኙ የአሜሪካ ወንዞች ዳር ነው፤ ባሕር አይተው የማያውቁ ወንዶችና ሴቶች (ይህ ነው እኔን የሚያስደንቀኝ) ብየዳ ተምረው በኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለችው በኢቫንስቪል ብቻ 167 መርከቦች ሠሩ። መርከበኞቹ ግን ዝግታውን አይተው «ትልቅ ቀርፋፋ ዒላማ» እያሉ ያፌዙበት ነበር። ከዚህ ዓይነት መርከቦች አንዱ፣ በሌላ ቦታ የተሠራው ቁጥር 325፣ ዛሬ በኢቫንስቪል ወንዝ ዳር ለጎብኚ ክፍት ሆኖ ቆሟል።