አይኪዶ፡ ከመጣል በፊት መውደቅ

ማርሻል አርት ሲባል የብዙ ወጣት ዓይን የሚያርፈው በፊልም ባየው ውርወራ ላይ ነው። አይኪዶን ልጀምር የሚል የዋጫም ሆነ የቦንጋ ወጣት ግን አስቀድሞ መማር ያለበት መውደቅን ነው። "ገና ማንንም ሳልጥል?" ይል ይሆናል። አዎ፣ ገና ሳይጥል!

ጃፓናዊው ሞሪሄይ ኡዬሺባ (እ.ኤ.አ. 1883–1969) የመሠረቱት አይኪዶ ጉልበትን በጉልበት አይገጥምም። ተጋጣሚ ሲመጣ ከጥቃቱ መስመር ወጥቶ ወደ ጎኑ መግባት ወይም ዞሮ ማሳለፍ፣ ሚዛኑን ማሳት፣ ከዚያ ክንዱን ይዞ መሬት ማስያዝ ነው። የሚወድቀውም አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ጀርባውን አጉብጦ እንደ ኳስ ካልተንከባለለ አንገቱን ወይም የእጁን አንጓ ሊጎዳ ይችላል። በአብዛኞቹ የአይኪዶ ቤቶች ውድድር የለም፤ ድሉ ጓደኛን በሰላም ወደ ቤቱ መመለስ ነው።

ኢትዮጵያን በማጥናት የሚታወቁት ፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪን (እ.ኤ.አ. 1931–2015) የአይኪዶ አስተማሪም ነበሩ፤ የሀዋሳ ወጣቶች በዚህ ስፖርት እንዲሠለጥኑ ደግፈዋል። ሀዋሳ ላይ የተቻለው ካፋ ላይ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ጅማሬው ግን ይታሰብበት። ፍራሽ ሳይነጠፍ፣ በደረቅ መሬት ላይ ውርወራ ማሳየት ጀብዱ ሳይሆን ጥፋት ነው። አሠልጣኝ የሚመርጥ ወላጅም "ስንቱን ይጥላል?" ሳይሆን "መውደቅ ያስተምራል ወይ?" ብሎ ይጠይቅ። ዝናብ በሚበዛበት ካፋ፣ ጭቃ ላይ ላዳለጠው ሁሉ ይኸው ትምህርት ይበጃል።